ከፊቴ የቀረበውን ነው የበላሁት

ሰው በገዛ ቤቱ በሚዛን ይበላል? ይበላል። እኔ በልቻለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ሻንጣ ስመዝን ኖሬ፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት የገዛ ልጄ እንጀራዬን ሚዛን ላይ አወጣችው። ሰፍረው የሰጡትን ቆጥረው ይቀበሉታል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የመጣው በእግሬ በኩል ነው። የግራ እግሬን ትንሿን ጣት አዲስ ጫማ ላጠኝ። ዐቢይ ፆም ሲገባ የተላጠ ቁስል ፋሲካ አልፎም አልደርቅ ሲል፣ ልጄ ናፍቆት እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ናፍቆት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ሕመም ከፊቱ ላይ የምታነብ ይመስላታል። ዶክተሩ ገና ወጣት ነው። የደም ውጤቴን አየና፣ "አቶ ሀብቴ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ። ምግብዎን ካልመጠኑ ግን ይህ ጣት ይቆረጣል፤ ከዚያ እግሩም ይከተላል" አለኝ።

"እንዴት ነው የምመጥነው?"

"በየማዕዱ ይህን ያህል እንጀራ፣ ይህን ያህል ወጥ ብለው።"

ሳቄ መጣ። "ዶክተር፣ እኛ እኮ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። የኔ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በምን ይታወቃል?"

መልሱን ያገኘችው ናፍቆት ናት። በዚያው ዕለት መቀሌ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ካለ ሱቅ አንዲት ነጭ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝታ፣ ሓድነት ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይዛት ገባች። ባለቤቴ ለተገብርኤል ሚዛኗን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና፣ "ዋእ! ሀብተይ፣ ሥራህ ተከትሎህ ቤት መጣ" አለችኝ። ለተ አማርኛውን ከትግርኛው እያዋዛች ነው የምታወራው። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ በሥራ መቀሌ መጥቼ፣ እሷን አግብቼ ቀረሁ። ስሜ ሀብቴ ሆኖ ሳለ ሀብተይ ብላ የራሷ ካደረገችኝ ብዙ ዘመን ሆኖናል።

የናፍቆት አሠራር እንዲህ ነበር። ድስቱን ከነወጡ ትመዝናለች። እንጀራውን ትመዝናለች። ከዚያ ትሪው ላይ ከፊቴ አንድ ተኩል እንጀራ ትዘረጋልኛለች፤ ለእናቷ፣ ለራሷና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚማረው ለወንድሟ ለኤልሳዕ ደግሞ የየድርሻቸውን። ወጡንም በጭልፋ እየለካች በየፊታችን ታወጣለች። ስንጨርስ የተረፈውን ትመዝናለች።

"አባ፣ ያንተ ይሄ ነው። ከዚህ አትለፍ" ትላለች፣ በጣቷ ትሪው ላይ መስመር እያሰመረች።

እኔ ደግሞ ለነገሩ ድንበር አክባሪ ሰው ነኝ። አባቴ ማዕድ ላይ ያስተማረኝ ሕግ አንድ ነው። ከፊትህ ያለውን ብላ፤ እጅህን ወደ ሰው ፊት አትስደድ። ሰው የሚታወቀው በማዕድ ላይ ነው ይል ነበር። ስለዚህ መለካቱ ቢያናድደኝም፣ ከፊቴ ያለውን ብቻ መብላቱ አልከበደኝም።

ችግሩ ጉርሻ ነበር። የለተን ጉርሻ ያልቀመሰ ሰው ጉርሻ አውቃለሁ አይበል። ትጠቀልለዋለች፣ ወጡን ታስነካዋለች፣ ከዚያ "በሞቴ፣ ኣፍካ ክፈት" ትልሃለች። በሞቴ ከተባለ በኋላ አፉን የሚዘጋ ማን ነው? አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ትደግምልሃለች። ከኔ ወደ ኤልሳዕ ታልፋለች፣ ከኤልሳዕ ወደ ናፍቆት፣ ከዚያ ተመልሳ ወደኔ። እንግዳ ካለ እንግዳውን። እጇ ከትሪው ወደ ሰው አፍ ሲመላለስ ነው ምሳው የሚያልቀው።

ሁለት ሳምንት ተመዝኖልኝ በልቼ ሐኪም ቤት ስመለስ፣ ስኳሬ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ናፍቆት ተናደደች። "ጉርሻው ነው" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ አባን ማንም አያጎርስ።"

"ጉርሻ ምግብ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ታዲያ ምንድነው አባ? ሻንጣ?"

ለተም እኔን ማጉረሷን ተወች። በምትኩ ከፊቷ እየቆረሰች፣ ወጡን እያስነካች፣ ወደየፊታችን ገፋ ገፋ ማድረግ ያዘች፤ ሥጋ ካለ ሥጋውን፣ ሽሮ ከሆነ ወፍራም ወፍራሙን። ይህን ደግሞ ማን ልብ ይለዋል? እናት ያልገፋችበት ማዕድ የት አለ? እናቴም እንደዚያው ነበረች፤ ናፍቆትም ነገ አግብታ ስትወልድ እንደዚያው ትሆናለች።

በሰኔ መጀመሪያ ድጋሚ ሄድን። ስኳሬ ጭራሽ ጨምሯል። ቁስሉም ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። ዶክተሩ ጣቴን ነካ ነካ እያደረገ ለናፍቆት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገራት። ባይተረጎምልኝም ገብቶኛል። ያን ቀን እውነት ለመናገር ፈራሁ። ጣት ምንም አይደል፤ ግን ከዘመዴ ርቄ በሰው አገር ኖሬ፣ በስተርጅና በአንድ እግሬ እየተንፏቀቅሁ የለተ ሸክም ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

ቤት ስንደርስ ናፍቆት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

"አባ፣ ልጠይቅህና እንዳትቆጣ። ውጭ ትበላለህ?"

"ምን?"

"ድርሻህን እኔው ነኝ የምለካው። መድኃኒቱን ፊቴ ነው የምትውጠው። ማታ ማታ ሮማናት ካፌ ከድሮ ባልደረቦችህ ከነዘሚካኤል ጋር ስትቀመጥ ኬክ... ሻይ በስኳር..."

"እኔ? እኔ ሰርቄ የምበላ?"

"ሰርቀህ አላልኩም። ግን ከሚገባህ በላይ እየበላህ ነው። ምግቡ ከሰማይ አይወርድም።"

አልዋሽም፣ ጮህኩባት። ሃያ ሦስት ዓመት ሚዛን ላይ ቆሜ አንድ ሰው ሰረቀ ወይ ዋሸ ያላለኝን ሰው፣ ያሳደግኳት ልጅ በሁለት ቁራሽ ኬክ ጠረጠረችኝ። ሮማናት የምጠጣው አምቦ ውሃ እንደሆነ ዘሚካኤል ምስክሬ ነው። ኤልሳዕ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ፣ "አባ እንኳን እኔም ወፍሬያለሁ፤ ሱሪዬ አልገባ እያለኝ ነው" አለ። አባባሉ ሊያስቀን ነበር። ማንም ግን አልሳቀም።

እኛ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ መፍትሔው አንድ ነበር። ቤተሰብ ዕቃውን ቀላቅሎ ይመጣና የማን ሻንጣ እንደከበደ ይጨቃጨቃል። ያኔ እለያያቸዋለሁ። እያንዳንዱን ለብቻው ሚዛን ላይ፤ ያኔ እውነቱ ይወጣል።

"ጥሩ" አልኩ። "እሑድ በየሳሕናችን እንበላለን። አራት ሳሕን። ሲቀርብም ይመዘን፣ ሲነሳም ይመዘን። ስሜን አጸዳለሁ።"

ለተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

"በየሳሕኑ?" አለች። "እዋይ ሀብተይ! ሆቴል ነን እንዴ እኛ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ስትል አልነበር አንተው?"

"አንድ ቀን ነው ለተ።"

"አንድ ቀንም አይሆንም። ልጆቼ እንደ ሆቴል ደንበኛ ጀርባ ተሰጣጥተው አይበሉም። እኔ እያለሁ አይሆንም!"

ሳምንቱን ሙሉ ተማጸነችኝ። ልብስ ስታጣጥፍ ትጀምራለች፤ በር ስትዘጋ ትደግመዋለች። አንድ ጊዜማ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ "በሞቴ ተው" አለችኝ። ለባህሉ የተቆረቆረች መሰለኝ። ስምም ክብርም የማይገባት መስሎኝ ይበልጥ ገተርኩ። እኔ ግትር ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው መሰል ያደነደነኝ።

ለተን ያገኘኋትም ሚዛን ላይ ነው። መቀሌ በመጣሁ በዓመቱ ነው፤ የሻንጣ ሚዛኑ ገና ባለ መርፌ በነበረበት ጊዜ። ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ልትሄድ፣ ጥሕኒ የሚሉት የገብስ በሶና ማር የሞላ ትልቅ ሻንጣ ሚዛኔ ላይ ጣለች። መርፌው ሄዶ ሄዶ ቆመ። "እመቤት፣ ይሄ አይሄድም፣ ትርፍ ኪሎ ነው" አልኳት። አልተከራከረችኝም። ሻንጣዋን ከፈተች፣ ከኋላዋ ወደተሰለፈው ሰው ዞረች፣ "ወንድሜ ይሄን ያዝልኝ፣ እናቴ ይሄን በእጅዎ" እያለች ለሰዎቹ አከፋፈለችው። ከዚያ የቀለለውን ሻንጣ መልሳ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ፣ "አሁንስ?" አለችኝ። መርፌው ልክ ነው። ምን ልበላት? ሚዛኑ ዝም አለ፤ ጭነቱ ግን ያው በዚያው አውሮፕላን፣ በሰው እጅ ተሳፍሮ ሄደ። እኔም በዚያው ዓመት ሽማግሌ ላክሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ናፍቆት አራት ሳሕን ደረደረች። ውጭ ዝናብ ይዟል። ሽሮ፣ ድንችና ጎመን ነበር። እያንዳንዱን ሳሕን መዘነችና የማንኛችን ምን ያህል እንደሆነ ጮክ ብላ ተናገረች። የለተም ከኔ እኩል ነበር።

"እናንተ ጀምሩ፤ እኔ ኋላ እበላለሁ፤ ወጡን ላሙቅ" አለች ለተ።

"ወጡ ትኩስ ነው ኣደይ። ቁጭ በይ። ሁላችንም እኩል ነው" አለቻት ናፍቆት። ልጆቹ እናታቸውን ኣደይ ነው የሚሏት።

ተቀመጠች። ቆረሰች። ጠቀለለችና እንደለመደባት እጇን ወደ ኤልሳዕ ሰደደች።

"ኣደይ! ዛሬ የለም" አለች ናፍቆት። ለተ እጇን መለሰች።

ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ጸጥ ያለ ምሳ በልተን አናውቅም። የሚሰማው የዝናቡ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ነው። እኔ በኩራት ነበር የምበላው። ከፊቴ ያለው የኔ፣ ሌላ ማንም ያልነካው፤ ሳሕኑን ጠራርጌ ተነሳሁና በገዛ እጄ ሚዛኑ ላይ አኖርኩት። "ባዶ!" አልኩ። "ከዚህ ሌላ አንዲት ፍርፋሪ ወደ አፌ አትገባም። ማታ ስኳሬን ለኪው። እንዲህ እየበላሁ ካልወረደ ያኔ ሌባ በይኝ።"

ኤልሳዕ የሱን አስቀመጠ፤ ባዶ። "አልጠገብኩም" አለ። ናፍቆትም የራሷን። ከዚያ የእናቷን ሳሕን አንስታ አስቀመጠች።

ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብኩት፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። አንድ ጊዜ አነበብኩ። ሳሕኑን አነሳሁና ሚዛኑ ዜሮ እስኪል ጠብቄ መልሼ አስቀመጥኩት። እንጀራው ተቆርሷል፣ ሽሮው ተነካክቷል፣ ጎመኑ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሄዷል። ክብደቱ ግን ሲቀርብ እንደነበረው ነው።

"ለተ፣ ምነው?" አልኳት። "ምግቡን ጠላሽው?"

ናፍቆት እናቷን ነበር የምታየው። እኔም አየኋት። እዚያ ቤት ውስጥ ከፋሲካ ወዲህ ሁላችንም የምናየው የኔን እጅ፣ የኔን አፍና የኔን ጣት ነበር። ለተ ከነጠላዋ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ደርባለች፤ በክረምቱ ነው ብለናል። ጉንጯ ጎድጉዷል፤ በፆሙ ነው ብለናል። እሷም ፆሙ ነው ብላናለች።

"ኣደይ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ ዋጪ እስኪ፣ ልይሽ" አለች ናፍቆት። ድምፅዋ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ድምፅ አልነበረም።

ለተ ትንሽ ቆረሰች። ልጅ እንኳ የሚንቃት ቁራሽ። አኘከቻት፣ አኘከቻት፣ ዐይኗን ጨፍና ዋጠች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነሳችና ወደ ጓሮ ሮጠች። ዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታወጣው ከኋላ ደርሼ ያዝኳት። ትከሻዋ እጄ ውስጥ አጥንት ብቻ ነበር።

"አይወርድልኝም ሀብተይ" አለችኝ። "ውሃና ሻይ ነው የሚወርድልኝ። ወተትም ይወርዳል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካብ ጥምቀት።"

ከጥምቀት! ፆሙ አልፎ፣ ፋሲካ አልፎ፣ የኔ ሚዛን ተገዝቶ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ። በየምሳው ከፊቷ የሚቀርበውን እንጀራ በቁራሽ በቁራሽ ለእኔና ለኤልሳዕ እየገፋች ባዶ ታደርገው ነበር። ትሪው ባዶ ይነሳል፤ አራት ሰው የበላ ይመስላል። ያኔ ጥሕኒውን እንዳደረገችው ሁሉ ምሳዋንም በሰው እጅ ታሳፍረው ነበር። ሚዛኑም ዝም ይል ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፤ እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። "ለተ፣ ለምን?"

"አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ አይችልም። ያንተ እግር ይቅደም ብዬ ነው።" ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "ስምህ ጸዳልህ አይደል? ግባ፣ እግርህ ረጠበ" አለችኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት። በአፏ ቱቦ አስገብተው አዩ፤ የምግብ መውረጃዋ ላይ ዕጢ በቅሎ ነበር። አዲስ አበባ ይሻላል አሉን። ያለንን አሰባስበን ትኬት ቆረጥን።

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ እኔ በቆምኩበት ቦታ ዘሚካኤል ቆሟል። አብረን የኖርን ነን፤ ጡረታ ስወጣ የኔን ባንኮኒ እሱ ነው የወረሰው። "ጋሽ ሀብቴ! ኣደይ ለተ!" ብሎ ወጥቶ አቀፈን። ሻንጣችንን ሚዛኑ ላይ አደረገ። ቀላል ነበር፤ ለተ ለማንም ጥሕኒ አልያዘችም። ሻንጣው ሲነሳ ለተ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

"እኔንስ አትመዝነኝም?" አለችኝ እየሳቀች። "ያኔ አይሄድም ብለኸኝ ነበር፤ ዛሬስ?"

ቁጥሩን አየሁት። ዘሚካኤልም አየው። እኔ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ ሳሳልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሁለቱ ሻንጣ ክብደት እንኳ ከሷ ይበልጥ ነበር። ዘሚካኤል አንድ ቁልፍ ነካና ቁጥሩን አጠፋው።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "ምንም ትርፍ የለሽም።"

አዲስ አበባ ብዙ አላቆዩንም። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ዞር ብሎ ለናፍቆት ብቻ ሊነግራት ሲል ለተ፣ "እኔው ፊት ተናገር ልጄ፤ የሚወርድልኝ ወሬ ብቻ ነው" አለችው። ዘግይቷል አለ። ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ አለ። ይህን ኖሮ የሚባል ቃል ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ ግን ይክፋው።

ከዚያ በኋላ ሚዛኗ ሌላ ሥራ ጀመረች። ናፍቆት አጥሚት፣ ወተት፣ የሾርባ ውሃ እየለካች እናቷን ማጠጣት ያዘች። ትናንት ይህን ያህል ጠጥታለች፣ ዛሬ ከዚያ ትበልጥ። እኔን እንዳልበላ ስትለምነኝ የነበረች ልጅ እናቷን አንዲት ጉንጭ ጨምሪ ብላ ትለምናለች። ለተም ለልጇ ብላ ትጎነጫለች፤ ከዚያ ትመልሰዋለች። ናፍቆት ጓዳ ገብታ የተመለሰውን ስትመዝን አንድ ቀን አገኘኋት። ሚዛኗ ላይ አጎንብሳ ታለቅስ ነበር። ምን እላታለሁ? አብሬያት አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ለተ ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሰሞን፣ ሦስታችንም የምንበላው በየሳሕናችን ነበር፤ አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ከአልጋዋ ሥር። እሷ እየጓጓች እንዳታየን ብለን ነው። አንድ ቀን ጠራችን።

"ትሪው የት ሄደ?" አለች።

"አለ ኣደይ።"

"አምጡት። እዚህ አልጋዬ ጋ። ሁላችሁም ኑ።"

ኤልሳዕ ትሪውን አመጣና አልጋዋ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ናፍቆት የኔን ድርሻ እንደወትሮዋ ለክታ ከፊቴ ዘረጋች። ለተን በትራስ ደገፍናት። እጇን ታጠበች። እኛ ብሉ እስክትለን ጠበቅን፤ እሷ ግን እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። የምትበላ መሰለኝ። ቆረሰች፤ ሽሮው አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጠቀለለች። ኤልሳዕን አጎረሰችው። "ወደይ፣ ልጄ" አለችው። ናፍቆትን አጎረሰቻት። "ጓለይ፣ ልጄ" አለቻት። ከዚያ ትንሽ አርፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ሦስተኛውን ጠቀለለች።

"ሀብተይ፣ ኣፍካ ክፈት።"

ናፍቆትን አየኋት። የለካችው ከፊቴ ነው፤ ይሄ ከዚያ በላይ ነው። ናፍቆት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"በሞቴ" አለችኝ ለተ።

በልጅነቴም፣ በጎልማሳነቴም፣ በዚያች ቃል ስንት ጉርሻ ጎርሻለሁ። ያን ቀን ግን ቃሏን መስማት አልቻልኩም፤ በቶሎ አፌን ከፈትኩ። እንደ ድሮው ትልቅ አልነበረም። መዋጥ አቃተኝ። እሷ እያየችኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን ነበር የምታየው፣ ሲወርድ ልታይ። እንደምንም ዋጥኩት። ሲወርድ አየችና፣ "ጽቡቕ" ብላ ተደገፈች።

በኅዳር አረፈች።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።" አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይደግመዋል። ሦስተኛው ሲደግመው ታገሥኩ። አራተኛው ላይ ተነስቼ፣ "ሚስቴ በሽታዋን አልደበቀችም፤ ከፊታችን ነበር፤ እኛ ነን እየበላን የጨረስነው" ብዬ ጮህኩ። ኤልሳዕ አቅፎ አስቀመጠኝ። ሰውም ሐዘን ነው ብሎ አለፈኝ።

ዐርባዋ ከወጣ በኋላ ሦስት ሆነን ትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ናፍቆት ለካች፤ አንድ ተኩል እንጀራ ከፊቴ፣ የራሷን ከፊቷ፣ የኤልሳዕን ከፊቱ። በልተን ስንጨርስ የቀረበው ሁሉ እንደቀረበው ተበልቷል። ማንም ወደ ማንም አልገፋም። ትሪው ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ማንኛችንም እጃችንን ወደዚያ አልሰደድንም። ኤልሳዕ ከስቷል፤ ሱሪው ሰፍቶታል።

ጥር ሲጋመስ ናፍቆት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ያው ወጣት ዶክተር ነው። ጣቴን አገላብጦ አየ፤ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ወድቋል፤ ሥሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። የደም ውጤቴን አየና ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

"አቶ ሀብቴ! በጣም ግሩም ነው! እግርዎን አዳኑት እኮ። ስኳሩም ልክ ገባ። እንዴት አደረጉት? ለሌሎቹ ታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ከአንድ ትሪ እየበሉ እንዴት እንደሚመጥኑ ሁሉም ይጠይቁኛል።"

ናፍቆት እግሬ ሥር ተንበርክካ ካልሲዬን እያለበሰችኝ ነበር።

"ዶክተር" አልኩት፣ "እኔ ያደረግኩት ነገር የለም። ድሮም ከፊቴ የቀረበውን ነው የበላሁት፤ አሁንም ከፊቴ የቀረበውን ነው የምበላው። አሁን ግን ወደ ፊቴ የሚገፋልኝ ሰው የለም።"

ዶክተሩ ያልኩት አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ ካርዴ ላይ ጻፈ። ናፍቆት ጫማዬን ማሰር ጀምራ ነበር። አስራ ጨረሰች፤ ግን ቀና አላለችም።